በድሬዳዋ የእንስሳት ጤና ለሚመለከታችሁ ሁሉ፡ ላረጀ ውሻም አንድ ቀን ይመደብለት

ሰላም ጤና ይስጥልን፣ እንዴት ከረማችሁ፣ ሙቀቱንስ እንዴት ይዛችሁታል። ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው የከተማችንን የእንስሳት ጤና ለምትመሩ፣ ሐረማያ ላይ የእንስሳት ሕክምና ለምታስተምሩና ለምትማሩ፣ እዚሁ ድሬ ውስጥ በግል ክሊኒክና በእንስሳት መድኃኒት ቤት ለምትሠሩም ጭምር ነው። በማመልከቻ ፋይል አስከፍቼ ላስገባው አስቤ ነበር፣ ግን ጉዳዩ የኔ ብቻ ስላልሆነ ሌላውም ውሻ ያለው ሰው አይቶ "እኔም አለሁበት" እንዲል በግልጽ ይሻላል አልኩ።

ረጅም ደብዳቤ ማንም እስከ መጨረሻው ስለማያነብ ጥያቄዬን ከፊት ላስቀምጠው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ቦታ፣ ዋጋው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የውሻ ሕክምና ይኑረን፣ በተለይ ላረጁት። በነጻ አላልኩም። ነጻ የተባለ ነገር ሁለት ሳምንት ይሠራና መድኃኒት አለቀ ተብሎ በሩ ይዘጋል፣ አይተነዋል። እኛ የምንለው ዋጋው ይታወቅ፣ ቀኑ ይታወቅ፣ ስንመጣ ሐኪም እናግኝ ነው፣ በቃ።

ለምን ላረጁት ብዬ ለየሁ? ቡችላማ ሁሉም ይወደዋል፣ ልጆቹ አቅፈው ይወስዱታል፣ ክትባቱንም ሰው ሲገዛው ሰሞን ያስከትባል። ችግሩ ሚመጣው ውሻው ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላውና ከዛ ወዲያ ነው (ትልልቆቹ ዝርያዎች ቀድመው ያረጃሉ፣ ትንንሾቹ ትንሽ ይቆያሉ)። ያኔ መገጣጠሚያው ይይዘዋል፣ ጥርሱ ይበሰብሳል፣ ኩላሊቱ ይደክማል፣ ዓይኑ ላይ ነጭ ነገር ይጋርደዋል፣ እና ይዘኸው ስትሄድ የሚቀበልህ የለም።

ይሄ ከክፋት የመጣ አይመስለኝም። የአገራችን የእንስሳት ሕክምና የቆመው በከብት፣ በግመል፣ በበግና ፍየል፣ በዶሮ ነው፣ ልክም ነው፣ የምሥራቁ ሰው የሚኖረው በሱ ነው። ግን እነዚህ እንስሳት አያረጁም'ኮ። ማለቴ እስኪያረጁ አንተዋቸውም፤ በሬው ሲደክም ይደልባል ይሸጣል፣ ላሟ ወተት ስትነጥፍ ትሸጣለች፣ ሙክቱ ለበዓል ይሄዳል፣ ፍየሉ ለአረፋም ለፋሲካም ይፈለጋል። ግቢያችን ውስጥ እስኪያረጅ የሚቆየው አህያና ውሻ ብቻ ነው፣ መሸጫም መታረጃም የላቸውማ። ስለዚህ ሐኪሙ ተምሮ የወጣው ገና ያልደከመ እንስሳ አድኖ ወደ ሥራው ለመመለስ ነው፣ ፊቱ ላይ ፂሙ የሸበተ ውሻ ሲመጣበት ምን ይሁን እንደተባለ ግራ ይገባዋል። ግራ ሲገባው ደሞ ይቀልዳል።

እኔም ደርሶብኛል። ውሻዬ ጉራቻ ይባላል፣ አስራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ስሙን ያወጡለት የሰፈር ልጆች ናቸው፣ ሱቄን ሲጠብቅ ነው ያረጀው። አንዱ ክሊኒክ ይዤው ስሄድ (ስም አልጠራም፣ ለመክሰስ አይደለም) ባለሙያው ከወንበሩ ሳይነሳ በበሩ አየውና "ስንት ዓመቱ ነው?" አለኝ፣ ነገርኩት፣ "ታዲያ ሌላ ቡችላ አሳድጋ!" ብሎ ሳቀ። ከዛ ተነስቶ ቫይታሚን ነው ያለውን ወጋው፣ ሳይመዝነው፣ አፉን ሳይከፍተው፣ ሙቀቱን ሳይለካው። ስንት ነው ስል የነገረኝ ዋጋ ከኔ በፊት ፍየል ይዞ ለመጣው ሰውዬ ከነገረው በእጥፍ ይበልጣል። ለምን ስለው "ውሻ ነዋ" አለኝ። ውሻ ያለው ሰው ሀብታም ነው የሚል ነገር አለ መሰለኝ። አቦ ድሬ ውስጥ ውሻ ያለውን ሰው ቁጠሩት እስቲ፤ የመጋዘን ዘበኛ ነው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው፣ እንደኔ ያለ ባለ ሱቅ ነው፣ ሳቢያን ጫፍ ላይ አጥር ያልጨረሰ ቤት የሠራ ሰው ነው። ጀርመን ሼፐርድ ያሰሩት ጥቂቶቹ አዲስ አበባ ድረስ በመኪና ይወስዱታል፣ እነሱ ይሄ ደብዳቤ አያስፈልጋቸውም።

አሁን ሐኪም ያጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ፋርማሲ ይሄዳል። ውሻው ጠዋት ሲነሳ የፊት እግሩን ዘርግቶ የኋላውን መጎተት ይጀምራል፣ ሲሚንቶ ላይ ስለሚጎትተው የኋላ ጥፍሮቹ ከላይ በኩል ተፍቀው ታያላችሁ፣ ደረጃ ካለ ደረጃው ስር ቆሞ ያስባል። ባለቤቱ ያሳዝነውና "ለወገብ ሚሆን ስጠኝ" ብሎ ዲክሎፌናክ ይገዛል። ዲክሎፌናክ'ኮ እዚህ ከማስቲካ እኩል ነው የሚገኘው። ወይ ደሞ አይቡፕሮፌን። ለሰው የሚስማማው ይሄ ኪኒን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ይገድላል፣ በተለይ ኩላሊቱ በዕድሜ የደከመውን። መጀመሪያ ቀን ውሻው ይሻለዋል፣ ይሮጣል እንዲያውም፣ ሰውየው ደስ ብሎት ይደግመዋል፣ ከዛ ምግብ ማቆም፣ ጥቁር ሰገራ፣ ትውከት፣ ከዛ በቃ። እርጅና ገደለው ይባላል።

ሜሎክሲካም ሚባለው መድኃኒት ለውሻ ይሆናል፣ በዓለም ላይም ለውሻ መገጣጠሚያ በሰፊው ይታዘዛል። ግን እሱም ቢሆን መጠኑ ካልታወቀ መርዝ ነው፦ የሰው ኪኒን የሚመጣው በ7.5 ወይም በ15 ሚሊግራም ነው፣ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በየቀኑ የሚሰጠው ደሞ 2 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ሰውየው አንዷን ባለ 15 በሥጋ ጠቅልሎ ቢሰጠው የሳምንቱን በአንድ ጉርሻ አጎረሰው ማለት ነው። ለዛውም ኩላሊቱ መታየት አለበት፣ ሌላ የሕመም ማስታገሻ ወይም ስቴሮይድ ከወሰደ አብሮ አይሰጥም። ይሄን ሁሉ የሚያውቀው እናንተ ናችሁ፣ እኛ ከፋርማሲ መስኮት ላይ ልናውቀው አንችልም። እና ይሄ ደብዳቤ ተነቦ ማንም ሰው ሄዶ በግምት እንዳይሰጥ አደራ፣ ቁጥሩን የጻፍኩት ልዩነቱ ስንት እንደሆነ እንዲታይ ነው እንጂ ለማዘዝ አይደለም።

ሌላው ጥርስ ነው። ገንደ ቆሬ የማውቃቸው እናት አሉ፣ ውሻቸው ከዓይኑ በታች ያብጥበታል፣ ይፈነዳል፣ መግል ይወጣዋል፣ ይድናል፣ ከወር በኋላ እንደገና እዛው ቦታ ላይ ያብጣል። የዓይን በሽታ ነው ብለው የዓይን ቅባት እየገዙ ሲቀቡት ከረሙ። አንድ ቀን ለእረፍት የመጣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ የውሻውን ከንፈር በአውራ ጣቱ ገልጦ አየና "እማማ ዓይኑ አይደለም፣ ጥርሱ ነው" አላቸው። የላይኛው መንጋጋ ላይ ያለው ትልቁ አጥንት መስበሪያ ጥርስ ለሁለት ተሰንጥቋል፣ የሱ ሥር ደሞ የሚያልቀው ልክ ከዓይን ስር ነው፣ መግሉ መውጫ ሲያጣ በዛ ይወጣል። ቅባቱ ምን ያድርግ? ጥርሱ ካልተነቀለ እድሜ ልክ ቢቀባ አይድንም። ልጁ ሊነቅለው አልቻለም፣ ማደንዘዣ የለው መንቀያ የለው። ከንፈር ገልጦ ማየት'ኮ ምንም ወጪ የለውም፣ ግን የሚያየው ሰው ያስፈልጋል።

ሴቶቹ ላይ የሚመጣውም አለ። ያልተመከነች ውሻ ስታረጅ ጡቷ ላይ እብጠት ይወጣል፣ ከነዚህ እብጠቶች ግማሽ ያህሉ ካንሰር ነው። ማህፀኗ መግል የሚይዝበት በሽታም አለ፣ ስሜቷ ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይጀምርና ውሃ እንደ ጉድ ትጠጣለች፣ ሆዷ ይነፋል፣ ምግብ ትተዋለች፣ በቶሎ ካልተቀደደች ትሞታለች። ሁለቱም በወጣትነቷ ብትመከን ኖሮ ወይ አይመጡም ወይ በጣም ይቀንሳሉ። ማለትም ለአሮጌዋ የሚወጣው ብር የሚተርፈው ወጣቷ ላይ ነው፣ ስለዚህ ያ የሳምንት ቀን ማምከንንም ቢጨምር ጥሩ ነው።

ትራንስፖርቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ባጃጅ ውሻ አይጭንም። የሚጭን ሲገኝ ወንበሩ ላይ ማዳበሪያ አንጥፈህ፣ እጥፍ ከፍለህ፣ መንገድ ሙሉ "እንዳይነክሰኝ" እያለህ ነው። ሐረማያ ላይ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ እዛ ውሰደው ይሉኛል ሰዎች፤ እውነት ነው አለ፣ ግን ደንገጎን ዳገት የሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ውሻ ይዘህ ሞክራት እስቲ። ኮንትራት ካልያዝክ አይሆንም፣ ኮንትራቱ ደሞ ከሕክምናው ይበልጣል። ለዛ ነው ተማሪዎቹና መምህሮቻቸው ቢወርዱልን የምንለው። ሃያ ሰላሳ ውሻ ዳገቱን ከሚወጣ አንድ መኪና ሐኪም ቢወርድ አይቀልም? እነሱም ይጠቀማሉ፣ ዲግሪ ይዞ የሚወጣ ልጅ አሮጌ ውሻ ልብ ላይ ማዳመጫ አስቀምጦ ሳያውቅ ከሚመረቅ እዚህ መጥቶ ይልመድ።

አሁን ደሞ በጀት የያዘው ሰው የሚሰማውን ላውራ፣ "ሰው ሳይታከም ውሻ?" የሚል እንዳለ አውቃለሁ፣ ጥያቄውም ነውር አይደለም። መልሱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይሄ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፣ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ማቆሚያው ሚታወቅ ነገር ነው፣ ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆነው የአካባቢው ውሻ በየጊዜው ይከተብ ነው የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2030 በዚህ በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር የሚል ዓለም አቀፍ ግብም ተይዟል። እኛ ጋ መከተብ የሚቀርበት የቱ ነው? አሮጌው። "አርጅቷል፣ ምን ያደርግለታል" ይባላል። ከዛ ሲታመም ይጣላል። የከተማው ሰው አያውቅም እንዳትሉኝ፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ቀፊራ ሥጋ ቤቶች ጀርባ የሚውሉት ሁሉ እዛ አልተወለዱም፣ አንዳንዱ አንገቱ ላይ የቀበቶው ምልክት አለበት። የተጣለ አሮጌ ውሻ ክትባት የለውም፣ ዓይኑ ስለማያይ ልጅ ሳያስበው ሲነካው ደንግጦ ይነክሳል። አንድ ሰው ተነክሶ ለሚወስደው መርፌ ሚወጣው ብር ስንት ውሻ እንደሚያስከትብ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። (በነገራችን ላይ የተነከሰ ሰው ካለ መጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዛ ወዲያው ጤና ጣቢያ፣ ፌጦ ምናምን አይለጠፍ።)

አገራችን ውስጥ የተለመደው መፍትሄ ደሞ መርዝ ነው። ማታ ሥጋ ውስጥ ይጣላል፣ ጠዋት በየመንገዱ ተጋድሞ ሕጻናት እያዩት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን ውሻ መግደል ይሄን በሽታ እንደማያቆም ተናግሯል፣ የተከተበውም አብሮ ይሞታል፣ ቦታው ላይ ሌላ ያልተከተበ ይመጣል። ለማንኛውም ሐረር ሄዳችሁ ታውቃላችሁ፣ ጅብ በስሙ እየተጠራ ሥጋ በእንጨት ይጎርሳል፣ ከውጭ አገር ድረስ መጥተው ፎቶ ያነሱታል፣ እኔም ደስ ይለኛል ስመለከት። ጅብ ያከበረ አገር ደጁን ሲጠብቅ ላረጀ ውሻ በሳምንት ሦስት ሰዓት ያህል ጊዜ አያጣም ብዬ ነው።

ሃይማኖት ይነሳል ደሞ። ሰፈሬ አብዛኛው ሙስሊም ነው፣ ውሻ ከነካቸው እንደገና ይታጠባሉ፣ እኔም አከብራለሁ፣ ጉራቻ ወደ በራቸው እንዳይሄድ አስተምሬዋለሁ። ግን ግንቦት ላይ ሙቀቱ ሲብስ በአሮጌ ጣሳ ውሃ ከደጃቸው ውጭ የሚያስቀምጡለት ጎረቤቴ ሐጂ ናቸው። ውሻ ጠምቶት አይቶ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣውን ሰውዬ አላህ ማረው የሚለውን ሐዲስም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ "ሕዝቡ አይቀበለውም" የሚለውን ምክንያት አታምጡብን። ቦታው ከመስጊድም ከቤተክርስቲያንም ከትምህርት ቤትም ራቅ ያለ ይሁን፣ ያ በቂ ነው።

እንዴት ይሁን ለምትሉ ያሰብኩትን ልናገር፣ እናንተ ታስተካክሉታላችሁ። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 እስከ 4። ከዛ በኋላ አይሆንም፣ ውሻ እንደ ሰው ላብ አያወጣም፣ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፣ ልቡ የደከመ አሮጌ ውሻ በድሬ ፀሐይ ወረፋ ላይ ቆሞ ከዋለ ለሕክምና አምጥተነው እዛው ይሞትብናል። ጥላ ይኑረው፣ አንድ በርሜል ውሃ ይኑር። የከብት ክሊኒኮቹ ቅዳሜ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ስለሆኑ አዲስ ቤት አይሠራም።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ሚዛን፣ የግድ ሚዛን፣ የእህል ነጋዴ ሚዛንም ይሆናል፣ ያለ እሱ መድኃኒት በግምት ነው። የልብ ማዳመጫ፣ ቴርሞሜትር፣ አፍ ማሰሪያ (ሻሽም ይበቃል)። ለኩላሊት ደሞ ሪፍራክቶሜትር ሚባል በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ አለ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ሽንት ጠብ ታደርግበትና ወደ ብርሃን አድርገህ በዓይንህ ታያለህ፣ ሽንቱ ምን ያህል እንደቀጠነ ይነግርሃል። የደከመ ኩላሊት ሽንቱን ማወፈር ስለማይችል ውሻው ብዙ ይጠጣል ብዙ ይሸናል፣ ቶሎ ከታወቀ በምግብ ይያዛል። መብራትም አይፈልግም መሣሪያው፣ ፀሐይ ደሞ እዚህ ሞልቷል።

መድኃኒቱን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ፣ በሙሉ ጠርሙስ አትሽጡልን። የአንድ ሳምንቱን በሲሪንጅ ለክታችሁ፣ ላዩ ላይ ቀኑንና መጠኑን ጽፋችሁ ስጡን፣ ዘበኛው የሳምንቱን መክፈል ይችላል፣ የጠርሙሱን አይችልም፣ ጠርሙሱን ካላችሁት ወደ ዲክሎፌናኩ ነው የሚመለሰው። ለእያንዳንዱ ውሻ አንድ ደብተር ይኑረው፣ ክብደቱ፣ የተከተበበት ቀን፣ የወሰደው መድኃኒት ይጻፍበት። የእብድ ውሻ ክትባቱን በዛው ቀን ጨምሩት፣ አሮጌ ነው ተብሎ ማንም እንዳይመለስ። የሆድ ትል መድኃኒቱም እንዲሁ፣ በዓል ሲመጣ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ለውሻ እንወረውራለን፣ ከዛ ውስጥ የሚመጣው ትል ተመልሶ ለኛ ለራሳችን ነው።

የመጨረሻው ከባዱ ነው፣ ግን ካልተባለ አይቀርም። አንዳንዱ አይድንም። የማይነሳ፣ የማይበላ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያቃስት ውሻ ያለው ሰው ዛሬ ያለው ምርጫ ወይ ማየት፣ ወይ ልጆች በድንጋይ፣ ወይ መርዝ ነው። በሰላም የሚያስተኛ መርፌ አለ፣ መጀመሪያ ያስተኛዋል፣ ከዛ ልቡ ይቆማል፣ ባለቤቱ ጭንቅላቱን ይዞለት። መድኃኒቱ ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት ስለሆነ በግል ማንም ሊያገኘው አይገባም፣ መንግሥት ባለበት ቦታ በባለሙያ እጅ ብቻ። ይሄም ዋጋው ይጻፍ። የሚቀበርበት ቦታም ይነገረን፣ ደቻቱ ውስጥ እንዳይጣል።

እኛ በበኩላችን የምናደርገውን ልንገራችሁ። ውሻውን በገመድ አስረን፣ አፉን አስረን እናመጣለን። ከሱቅ ደንበኞቼም ከሰፈርም ውሻ ያላቸውን ዝርዝር መያዝ ጀምሬአለሁ፣ ዕድሜያቸውን ጭምር፣ ስትፈልጉት ይዤ እመጣለሁ። ማስታወቂያውን በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም አሳትመን የምንለጥፍ ሰዎች አለን፣ የማተሚያውን እኛ እንችላለን። ከናንተ የምንጠብቀው የሚጻፍበትን ቀንና ዋጋ ነው። ለመጀመሪያው ወር አንድ ሐኪምና ሁለት ተማሪ ብቻ ብትመድቡና ሞክራችሁ ብታዩት፣ ሰው ካልመጣ ትዘጉታላችሁ፣ ማንም አይወቅሳችሁም።

አክባሪያችሁ፣
ከሳቢያን፣ የጉራቻ ባለቤት